ዱቅ ያለው መረገጫ

በያጇ ቁጡ ናት። ይህን እሷም አትክድም። አስጎብኚዎቹ «ነበልባል» ይሏታል፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ከኋላዋ፣ ያውም የብየዳ መነጽሯን አጥልቃ ሥራ ላይ ስትሆን። ግን እስቲ ሰው ይፍረድ፤ እንደሷ የተገፋ ካልተቆጣ ማን ይቆጣ?

ሥራዋ መሰላል ነው። ሸለቆው ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ገደል፣ መሀሉ ከፏፏቴ ወደ ፏፏቴ የሚዘል ውሃ። የእግር መንገዱ ባለቀበት ሁሉ ገደሉ ላይ የብረት መሰላል ተተክሏል፤ ተጓዡ ርጭቱ ፊቱን እያጠበው ተንጠላጥሎ ይወጣል። ያ ብረት በጋ ከክረምት እርጥብ ነው። ቀለም ቢቀቡት ያምራል እንጂ አይድንም፤ ዝገቱ ከውስጥ ነው የሚበላው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ የጎብኚዎቹ መግቢያ በር ሳይከፈት፣ አባቷ መዶሻ ይዘው ይወጡና እግር የሚያርፍበትን እያንዳንዱን መረገጫ ይመታሉ። ደህናው ብረት «ትንን» ይላል፣ የታመመው «ዱቅ»። ዱቅ ያለው ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራሉ፤ ልጃቸው ከኋላ መጥታ ቆርጣ አዲስ ትበይዳለች። ትልቁ ፏፏቴ አጠገብ ግን ጆሮ ዋጋ የለውም። እዚያ አንድ እጅ ይመታል፣ የሌላው እጅ መዳፍ ብረቱን ይዞ ንዝረቱን ያዳምጣል። ይህን ሁሉ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን አባትየው ዘጓት። ስትጠይቃቸው ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ መሰላላቸው ያዘግማሉ። እራት ላይ ግድግዳ የምታናግር ይመስላታል። ከሸለቆው ኃላፊ ጋር ግን ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አፍ አፉን እያዩ ሲያወሩ ታያለች፤ ቆሽቷን የሚያሳርረው ይሄ ነበር። ለባዕድ ጆሮ አላቸው፣ ለልጃቸው ጆሮ ዳባ ልበስ። ምክንያቱንም የምታውቅ ይመስላት ነበር። ሥራውን የተመኙት ለወንድሟ ነው፤ እሱ ደግሞ ገደል ሲያይ ስለሚያዞረው ከተማ ገብቶ ሱቅ ከፈተ፣ መበየጃውን እሷ አነሣች። ሴት በመሆኔ ነው ብላ ደመደመች፤ ቂሟንም በሆዷ ያዘች።

ነገሩ የፈነዳው ከአንዲት ጎብኚ እግር ሥር መረገጫ ሲነቀል ነው። ሴትዮዋ በእጇ ተንጠልጥላ ተረፈች፤ ቅልጥሟ ተላጠ፣ ነፍሷ ግን ወጥታ ተመለሰች። ኃላፊው አባትና ልጅን ጠራ። አባትየው መረገጫውን ጠዋት መትተው ደህና እንደነበር፣ ምናልባት የብየዳው ችግር ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ። ረጋ ብለው፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳይሰብሩ። ኃላፊው ወደ እሷ ዞረና በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ በያጅ እንደሚያመጣ ነገራት። በቃ። ገና በልጅነቷ የጀመረችው ሥራ፣ በአባቷ አንደበት፣ እንደ ዋዛ ሊያከትም ነው።

በማግስቱ ጠዋት የራሷን መዶሻ ይዛ ተከተለቻቸው። ሰላምታ እንኳ አልነበረም። ከታችኛው ፏፏቴ አልፎ ሸለቆው የሚታጠፍበት ቦታ ጸጥ ያለ ነው፤ ትንፋሽ ይሰማል። እዚያ ያለውን መሰላል ሽማግሌው እየመቱ ወጡ፣ እሷም ከሥራቸው እየመታች ወጣች። ትንን፣ ትንን። መሰላሉ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ዱቅ። ደገመችው። ዱቅ። አባቷ አሁን የመቱት፣ አሁን ያለፉት፣ ጨርቅ ያላሰሩበት መረገጫ!

ደሟ ፈላ። ሆን ብለው ነው፤ እሷን ለማስባረር ሰው ሊገድሉ ነው። እዚያው እንደተንጠለጠለች የዓመታት ነገሯን ዘረገፈችው። ዕድሜዋን ሙሉ «እርስዎ» ያለቻቸውን አባቷን «አንተ» አለቻቸው።

«አንተ ምን ዓይነት አባት ነህ? ወንድ ባለመሆኔ ነው አይደል? እስቲ አንዴ ዞር ብለህ እየኝ!»

አልዞሩም። ትንን እያደረጉ መሰላሉ ጫፍ ካለው መቆሚያ ላይ ወጡ። በያጇ በንዴት መዶሻዋን ቁልቁል ወረወረችው። ከድንጋይ ድንጋይ እየተላጋ ሲወርድ ሸለቆው አስተጋባ፣ ከገደሉ ወፎች በርግገው ተነሡ። አባቷ ቀና ብለው ወፎቹን አዩ። ምን እንዳስበረገጋቸው ግራ የገባቸው ይመስላሉ።

ያኔ ገባት። ንዴቷ በረደ? ምን ሲደረግ! ባሰባት እንጂ። በጆሮ የሚፈተነውን ብረት መስማት የተሳናቸው ሰው እየፈተኑት፣ ስንቱ ሰው ወጥቶበታል! ወጥታ ትከሻቸውን ያዘች፣ ፊቷንም ፊታቸው ላይ ደቀነች።

«አይሰሙም አይደል?»

ከንፈሯን አዩ። መጀመሪያ ኮስተር አሉ፣ ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ ፈታ አለ።

«ካወቁብኝ መሰላሉን ይነጥቁኛል» አሉ። «ሌላ ምን አለኝ?»

«መዳፍዎስ? በመዳፍ መስማት ማን አስተማረኝ?»

ፏፏቴ በሌለበት ሽማግሌ ብረት ሲዳብስ ቢታይ ወዲያው ይነቃባቸዋል፤ ያን ፈርተው ነው። ይህን ሲነግሯት ዓይኗን አላዩም። እሷ የእጃቸውን መዶሻ ወሰደች። ከመቆሚያው ጠርዝ ሲንበረከኩ እጅ ወደሚደርስበት ወደ ታመመው መረገጫ ጎትታ አስጎነበሰቻቸው፣ መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አስቀምጣ መታች። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደገና መታች።

«ይቺን ነው ያለፍኳት?» አሉ።

አይደለም ልትላቸው ቃጣት። ግን እዚህ ያደረሳቸው መደባበቅ አይደል? ራሷን ወደ ታች ነቀነቀች።

«ያቺ ሴትዮም…» አሉ። ከኪሳቸው ቀይ ጨርቅ አውጥተው አሰሩ። ቋጠሮው እምቢ ስላላቸው እሷ ጨረሰችላቸው። አሁኑኑ ወርደው ለኃላፊው ጥፋቱ የብየዳው ሳይሆን የሳቸው መሆኑን እንደሚነግሩት፣ መሰላሎቹ ሁሉ እንደገና እስኪፈተኑም በሩ እንዳይከፈት እንደሚያደርጉ ነገሯት። መዶሻውን አልጠየቋትም።

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉ፣ «ፊት ለፊት፣ ጮክ እያልሽ አናግሪኝ።»

«ስጮህ ነው እኮ የኖርኩት፣ አባዬ» አለች በያጇ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ መሰላሉ አዙረው፣ ጨርቅ የታሰረበትን መረገጫ ተሻግረው መውረድ ጀምረው ነበር።