የማን ጥፋት ነው?

የስድስት ዓመት ልጇ የደም ካንሰር እንደያዛት ከተነገራት አሥራ ስምንት ቀኗ ነው። ዛሬ የጂን ምርመራው ውጤት ስለሚነገራት፣ ልብስ ሰፊዋ ዶክተሯ ፊት ተቀምጣ የቀሚሷን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

በምትሠራበት ስፌት ቤት ልብስ ተጣሞ ሲወጣ "ማነው የቆረጠው?" ይባላል፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ የቆራጩ ነው። ልጅቷን በማኅፀኗ የቆረጠቻት ደግሞ እሷ ናት። አማቷም "በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም! ወገኖችሽን ጠይቂ" እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተዋታል። አሁንም አጠገቧ ቦርሳቸውን አቅፈው ቁጭ ብለዋል።

ዶክተሯ ወረቀቱን ገልጣ ማንበብ ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ አላስጨረሰቻትም።

"ከእኔ ነው አይደል? ቁርጡን ይንገሩኝ።"

"ከማንም አይደለም። መቅኒዋ ውስጥ፣ በአንዲት ሴል ላይ፣ ሁለት ክሮሞዞሞች ተሰብረው ቁራጮቻቸውን ተለዋውጠዋል። የተወረሰ ነገር አይደለም። ደግሞ ይሄኛው ዓይነት ለመድኃኒት ከሚሸነፉት ነው። ሕክምናው ረጅም ቢሆንም ተስፋዋ ጥሩ ነው።"

የልብስ ሰፊዋ እንባ ዱብ ዱብ አለ። የከረመ ንዴቷን ልታወጣ ወደ አማቷ ዞረች።

"ሰሙ፣ እማማ?"

አሮጊቷ ግን ወደ ዶክተሯ ጠጋ አሉ። "ከአያትስ፣ ዶክተር? የመጀመሪያ ልጄ እንዲሁ ገርጥታ፣ አፍንጫዋ እየደማ ነው የሞተችብኝ። ለሰው ተናግሬው አላውቅም።"

ልብስ ሰፊዋ አፏ ላይ የደረሰውን ቃል ዋጠችው።

"ዶክተር፣ እባክዎ" አለች፣ "ከማንም አይደለም ያሉትን ለእሳቸውም አንዴ ይድገሙላቸው።"