ኦሪን የቀናበት መቆጣጠሪያ

ኦሪን ሃልቮርሰን ዕድሜውን ሙሉ በአሜሪካ፣ በዱሉት ወደብ የብረት ማዕድን መርከብ ላይ ሲጭን የኖረ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ቤቴን ባለሙያ አላስነካም የሚል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው መዳፍ በምታክል የግድግዳ ዕቃ ቅናት ያንገበግበዋል ብሎ ማን ያስባል?

ያንገበገበችው ግን እሷው ናት። ጎረቤቱ ላይል የቤቱን ማሞቂያ አሮጌ ሙቀት መቆጣጠሪያ ነቅሎ በገዛ እጁ አዲስ ከሰቀለ ወዲህ፣ የኦሪን ሚስት ቨርና ሌላ ወሬ ጠፋባት። «ላይል እኮ እጁ የተባረከ ነው» ትላለች። ይባስ ብሎ ኬክ ጋግራ ከነትሪው ወሰደችለት። ሚስቱ የሞተችበት ብቸኛ ሰው ነው ብትለውም የኦሪን ሆድ አረረ። ለእሱ ለራሱ ከጋገረችለት ስንት ጊዜ ሆኗታል!

አንድ ቅዳሜ ሄዶ ቁርጥ የላይልን የመሰለ መቆጣጠሪያ ገዛ፤ ቨርና ዘወትር «በረደኝ» ለምትልበት መኝታ ቤት። ብሬከሩን አጠፋ፣ አሮጌውን በካቻቢቴ ፈታ፣ ሽቦዎቹ ላይ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር አረጋገጠ። እስከዚህ ማንም እንከን አያወጣለትም። ከግድግዳው የወጡት ሽቦዎች ግን ወፋፍራም ናቸው። አዲሱ ዕቃ ላይ 24 ቮልት ተብሎ ተጽፏል፤ የመኝታ ቤቱ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ደግሞ የሚሠራው በ240 ነው። ሁለቱ እንደማይሄዱ ኦሪንም ገባው።

በዚህ መሀል ላይል ትሪውን ሊመልስ መጣ።

«ላግዝህ እንዴ?»

«ኧረ ተወው፣ አትቸገር።»

«ሥራ ፈት ነኝ እኮ።»

«አይ፣ ግድ የለም።»

በዚያ አገር ሁለቴ እምቢ ማለት ወግ ነው፤ እሺ የሚባለው በሦስተኛው ነው። ኦሪን እሺታውን አዘጋጅቶ ሲጠብቅ ቨርና ብቅ አለች። «ውይ ላይል፣ ቁጭ በል እንጂ!» የኦሪን ፊት ጠቆረ። ላይል ያን ፊት አየና ሦስተኛውን ሳይጠይቅ፣ ትሪውን አስቀምጦ ወጣ።

ኦሪን «አልቻልኩም» ከማለት ማገናኘቱ ቀለለው። አንዱን ሽቦ አሰረ። ሁለተኛውን ሲያነሳ ቨርናን አያት፤ አልጋው ጫፍ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ፣ በእሱ ተማምና ቁጭ ብላለች። ሽቦውን ለቀቀው። ሁሉን ትቶ በካልሲ በረዶው ላይ ወጣ።

«ላይል! ና እስቲ፣ ይሄ ነገር አስፈራኝ።»

ላይል ገብቶ አየ። «ይሄማ ምድር ቤት ላለው ለኔ ዓይነት የማሞቂያ ምድጃ ነው። እዚህ ብታስረው ቤቱን ታነደው ነበር። ለወፍራም ሽቦ የተሠራ ሌላ አለ፤ ሰኞ አብረን እናመጣዋለን። እስከዚያ አሮጌውን እንመልሰው።»

መልሰው ገጠሙና ብሬከሩን አበሩት። ቨርና ወዲያው ተነስታ ሙቀቱን ጨመረች። ኦሪን ቀነሰ። ዞር ሲል ደግማ ጨመረች።

ላይል ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። «የኔን ከሰቀልኩት ጀምሮ ማንም ነክቶት አያውቅም። እንዳስቀመጥኩት አገኘዋለሁ» አለ። «እውነቱን ልንገርህ ኦሪን፣ እናንተ ቤት በመጣሁ ቁጥር እቀናብሃለሁ።»

ኦሪን ለላይል ወንበር ሳበለት። ሙቀቱንም በዚያ ቀን አልቀነሰውም።