የኢሶበል ጯሂ ማጠንጠኛ

ኢሶበል ራዘርፎርድ ዓሣ ማጥመድ የጀመረችው ስልሳን ካለፈች በኋላ ነው። የጀመረችውም ዓሣ አምሯት አይደለም፤ አርቺን ለማሳረር ነው።

አርቺ ባሏ ነበር። ፀደይ ከገባ ጀምሮ ሁልጊዜ ማታ ማታ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ይዞ ወደ ትዊድ ወንዝ ይወርዳል፤ እሷ ድንቹንና ሥጋውን ምድጃ ውስጥ አድርጋ ትጠብቃለች። አንድ ጊዜ እኔንም ውሰደኝ ብትለው፣ «አንቺ ጫጫታሽ ዓሣ ያስበረግጋል» አላት። ዕድሜዋን ሙሉ ሹራብ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ጩኸት መሃል የሠራች ሴት ናትና ድምጿ ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ስለዚህ አመነችው፤ ቤቷ ቀረች።

ከዓመታት በኋላ ከተማችን ሁሉ የሚያውቀውን እሷም አወቀች። አርቺ ወንዝ ዳር ብቻውን አልነበረም። የፖስታ ቤቷ ሞይራ አጠገቡ ቆማ ዘንግ መወርወር ስትማር ከርማለች። በዚያው ክረምት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሞይራ ቤት ገባ። ሌላ ሴት መውደዱን ኢሶበል በጊዜ ብዛት ትተወው ይሆናል። ማስተማሩን ግን ልትተወው አልቻለችም፤ ማንስ ቢሆን እንዴት ይተወዋል?

ዘንጉን ከቤተ ክርስቲያን ባዛር በርካሽ አገኘች። የቀራት ክሩ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ ብቻ ነበርና ወደ ዱጊ ሱቅ ሄደች። ዱጊ የማጥመጃ ዕቃ ሻጭ ነው፤ ትምህርት ቤት አብረው ነው የተማሩት። ለጀማሪ ሁሉ የሚሰጠውን ምክር ለእሷም ሰጣት። ትራውት ለሚባለው ለወንዛችን ዓሣ ውድ ማጠንጠኛ መግዛት ሞኝነት ነው፣ ክር ከመያዝ ያለፈ ብዙ ሥራ የለውም፣ ገንዘብሽን ጥሩ ክር ላይ አውዪው አላት። ከዘንጉ ጋር የሚመጣጠን፣ ክንድ የማያዝል ቀላል ይሁን፤ በቀኝሽ ስለምትወረውሪ በግራ እጅ እንዲዞር አድርጌ አስተካክልልሻለሁ አላት።

ኢሶበል በጨዋ ደንብ አዳመጠችው። ከዚያ ማጠንጠኛዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች፣ ጆሮዋ ሥር አስጠግታ ታሽከረክራቸው ጀመር።

«ይሄ አይጮህም» አለች።

«አይጮህማ። ሰው እኮ የሚፈልገው ዝምተኛውን ነው።»

«እኔ አልፈልግም።»

ዱጊ ጎንበስ ብሎ ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የጠገበ አንድ አሮጌ ማጠንጠኛ አወጣ። ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም። ውስጡ ያለው ጥርስ ግን ክሩ በተሳበ ቁጥር እየተንጣጣ ጆሮ ይበጥሳል። አንዴ ቢያሽከረክረው ደጅ የታሰረው የደንበኛ ውሻ ተነሥቶ ጮኸ።

«ወንዙን ተሻግሮ ይሰማል?» አለችው።

«የቱ ጋ ነው የምትቆሚው?»

«ከወፍጮው በታች።»

ከወፍጮው በታች ማዶው የአርቺ ቦታ ነው። ዱጊ አሁን ገባው። ሳቁን እየዋጠ፣ «እሱ ጋ መሰማት ብቻ?» አለ። «አልጋው ድረስ ነው የሚከተለው። ማለስለሻ ዘይት ልጨምርልሽ?»

«ዘይቱ ይቅርብኝ።»

ወር ሙሉ ከቤቷ ጀርባ ባለው መስክ ላይ፣ በመንጠቆ ፋንታ ቀይ የሱፍ ክር ጫፉ ላይ አስራ መወርወር ተለማመደች። ሰኔ ሲጋመስ መንጠቆውን አስራ ወደ ወንዙ ወረደች።

አርቺና ሞይራ ማዶ ቆመዋል። ትራውቶቹ ውኃው ላይ ብቅ እያሉ ዝንብ ይለቅማሉ። አርቺ አንዱን ዓሣ መርጦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ ዘንጉን ከፍ ሲያደርግ ኢሶበል ክሯን ትስባለች። ክርርርርር! ዓሣ ይህን ድምፅ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ አርቺ ግን ይቆጥረዋል። በርግጎ ሲወረውር ክሩ ተወሳስቦ ይወድቃል። ማጠንጠኛ አይጩህ የሚል ደንብ ደግሞ የአጥማጆች ማኅበሩ የለውም። በነጋታውም መጣች፤ በሦስተኛውም ቀን መጣች።

«ኢሶበል፣ በፈጠረሽ ዘይት ጠብ አድርጊበት» አለ አርቺ ከማዶ።

«ለእኔ ተስማምቶኛል» አለችው፤ ደግማ ሳበችው። እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏት ተኝታ አታውቅም።

አንድ ማታ ግን ክሩን የሳበው ሌላ ሆነ። ማጠንጠኛው ሳትነካው በራሱ ጮኸ፣ መጮኹንም አላቆመም። ኢሶበል ደንግጣ እጀታውን ልትይዝ ስትል ጣቷን መታት። አርቺ ራሱን ረስቶ፣ «ልቀቂው! ይሂድ! ዘንጉን ቀና አድርጊ!» እያለ ጮኸ። እንዳላትም አደረገች፤ ዓሣው ትልቅ ነበር። ዓሣውን ከውኃ የምታወጣበት መረብ ግን አልያዘችም፤ ዓሣ ይዛለሁ ብላ መች አስባ። እኛ ዘንድ ደግሞ ጎረቤቱ ትልቅ ዓሣ ሲይዝ ያየ፣ ጠላቱም ቢሆን፣ መረብ ይዞ ይደርሳል። አርቺ መረቡን ይዞ ውኃው ውስጥ ገባ። ወንዙ መሃል ሲደርስ ውኃው ጭኑን አለፈ።

«እዚያው ቁም» አለችው ኢሶበል፣ በዚያ የፋብሪካ ድምጿ። «ጫጫታህ ዓሣዬን ያስበረግግብኛል።»

አርቺ ቀጥ አለ።

«ምን ማለቷ ነው?» አለች ሞይራ ከኋላው።

«ምንም። ዝም ብላ ነው።»

«እሱ ያለኝን ነው የመለስኩለት» አለች ኢሶበል፣ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሳ። «ውሰደኝ ያልኩት ጊዜ እንዲህ አለኝ።»

ሞይራ ዘንጓን ዝቅ አደረገች። «አርቺ፣ ወንዝ ትጠላለች፣ ብለምናት ብለምናት አልመጣ አለች አላልከኝም?»

አርቺ ውኃውን አየ። ሞይራ ክሯን ጠቀለለች፤ የእሷ ማጠንጠኛ አርቺ የገዛላት ውዱ ነውና ምንም ድምፅ አላሰማም። ዘንጓን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በእግር መንገዱ ወደ ከተማ ወጣች። አርቺ ስትሄድ አልሰማትም፤ ዞር ሲል ዳርቻው ባዶ ነበር።

ዓሣው እንደገና ሸሸ፤ ማጠንጠኛውም እንደገና ጮኸ። አርቺ መረቡን እንደያዘ ወንዙ መሃል ቆሟል። ኢሶበል አንዴ እየለቀቀች አንዴ እየሳበች ዓሣውን ቀስ በቀስ ታመጣው ጀመር። የሚያስቸኩላት ነገር አልነበረም።