ከወንበሬ የተነሣሁበት ፈተና

አያንቱ ከጓዳው በር አጠገብ ቆማለች። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሰው ቀሚስ ትዘመዝማለች። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ከደጅ ቆመው፣ ግቡ እስኪባሉ ይጠብቃሉ። እኔ መሐል ቤት አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዴ ጫልቱ ሲገቡ ከወንበሬ አለመነሣት።

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ አዳማን ሁላችንም ናዝሬት ብለን በምንጠራበት ዘመን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በሂሳብ ሠራተኛነት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ለዚህ ማን አደረሰሽ ብባል፣ ከእናቴ ቀጥሎ የምጠራው ቤታችን ለጥቂት ቀናት ብቻ ያደረች አንዲት እንግዳ ናት። ታሪኩን የምጽፈውም ስለ እሷ ብዬ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። አዲስ አበባ ያለ አንድ የንግድ ሥራ ኮሌጅ ለዲፕሎማ ተማሪ እንደሚቀበል ሰማሁና ተመዘገብኩ። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። የቀረው የቃል ፈተናና የቡድን ውይይት ነበር። ፈታኞቹ ናዝሬት ድረስ መጥተው፣ ከሞጆም ከዝዋይም ከሻሸመኔም ያለነውን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደሚያዩን ተነገረን። ከምንቀርበው ውስጥ የሚወሰዱት ጥቂት ናቸው ተባለ።

አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ኮሌጁ ካልተሳካልኝ፣ አጎቴ አዋሽ ዳር ባለ የመንግሥት እርሻ ጥጥ ሲመዘን መዝጋቢ ሊያደርገኝ ነገሩን ጨርሷል። እዚያ ከገባሁ ትምህርት የሚባል ነገር እንደማይኖር አውቀዋለሁ። ስለዚህ ያ ፈተና ለእኔ የመጨረሻው ነበር።

አያንቱ ለዚሁ ፈተና ከሻሸመኔ አጠገብ ካለችው ከኩየራ የመጣች ናት። የተማረችው በሚሽን ትምህርት ቤት ነው። ናዝሬት ውስጥ ዘመድ የላትም። አዴ ጫልቱ መናኸሪያው አጠገብ ሻንጣዋን ይዛ ማደሪያ ስትጠይቅ ያገኟታል። በኦሮምኛ ሲያነጋግሯት ዓላማዋን ነገረቻቸው። የእሳቸው ቤት በልጅ የተሞላ ስለሆነ ወደ እኛ ይዘዋት መጡ። እናቴ የማን ልጅ እንደሆነች ከየትም እንደመጣች ጠየቀቻት። ከዚያ እግሯን እንድትታጠብ ውሃ ሰጠቻትና፣ እንግዳ ማሳደራችንን ልታስመዘግብ ቀበሌ ሄደች።

አንድ ዓይነት ፈተና የሚጠብቃቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት ሲያድሩ መጠራጠር ያለ ነው። እኔም መጀመሪያ ጥቂት ተጠራጥሬያት ነበር። እሷ ግን በማግስቱ ጠዋት፣ አብረን እንለማመድ አለችኝ። ስለ ራሴ እንድነግራት ጠየቀችኝና ነገርኳት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

«ጸዳለ፣ የምታወሪው ከእኔ ጋር ነው ከወለሉ ጋር?» አለችኝ።

ሳላውቀው አንገቴን ደፍቼ፣ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር የማወራው። በእኛ ቤት ሴት ልጅ ከሰው ፊት እንዲህ ነው የምትናገረው። እሷ ይህንን አልነቀፈችም። ፈታኞቹ ግን ጨዋነቴን አለማወቅ አድርገው ሊያዩት እንደሚችሉ አስረዳችኝ። ነጠላዬን ተቀብላ ከአልጋው ራስጌ ላይ ሰቀለችው።

ንግድ ሥራን ለምን መረጥሽ ስትለኝ፣ በሰኞው የፖለቲካ ውይይት ክበብ እንደምንሰማው፣ ሰፊውን ሕዝብ ለማገልገል ነው አልኩ። ወደ በሩ አየት አደረገችና ድምጿን ቀነሰች።

«እሱን ሁሉም ይለዋል። አንቺ ራስሽ ምኑን ወደሽ ነው?»

ትንሽ አሰብኩና፣ የተደመረው ቁጥር ከላይም ከታችም ሲገጥምልኝ ደስ ይለኛል አልኳት። ይህንኑ ንገሪያቸው አለችኝ።

ለቡድን ውይይቱ ግን ሁለት ሰው አይበቃም። አዴ ጫልቱን ጠራናቸው፤ እናቴም የሰው ልብስ እየሰፋች ተጨመረች። አያንቱ ርእስ ሰጠችን፤ የቀበሌ ሱቅ ዕቃ ሲያጥረው ምን ቢደረግ ይሻላል የሚል ነበር። ገና ሳንጀምር አዴ ጫልቱ ጣታቸውን ወደ እናቴ ሳጥን ቀሰሩ።

«መጀመሪያ ይሄ ይከፈት። ሲጋራ የሚያጨስ የለ በዚህ ቤት፣ ክብሪቱ ግን ለናዝሬት ይበቃል።»

«ነገ ይመጣል አይመጣም ማን ያውቃል?» አለች እናቴ ሳትቆጣ። «ሲጠፋ ደግሞ መጀመሪያ የምትለምኚኝ አንቺ ነሽ።»

ሁለቱ በዚህ ሲጨቃጨቁ አንድ ነገር ታየኝ። እናቴ ክብሪት የምታከማቸው ክብሪት ስለምትፈልግ አይደለም። መቼ እንደሚመጣ ስለማታውቅ ነው። ሱቁ የሚቀጥለው ዕቃ የሚመጣበትን ቀን አስቀድሞ ቢናገር፣ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ አይወስድም፤ ያለውም ለሁሉ ይዳረሳል። ይህንን ተናገርኩ። ሁለቱ ጭቅጭቁን ትተው ሰሙኝ። አያንቱ ራሷን ነቀነቀች።

የቀረ አንድ ችግር ነበር። ንግግር መሐል ላይ ሰው ከገባ እኔ ብድግ እላለሁ። ትልቅ ሰው ሲገባ ተነሥቶ «ኖር» ማለት ከልጅነቴ የገባብኝ ነገር ነው። ስነሣ ደግሞ የምናገረው ይጠፋኛል። አያንቱ፣ እዚያ ፈታኞች ይወጣሉ ይገባሉ፤ ለገባው ሁሉ ከተነሣሽ ሳትናገሪ ሰዓቱ ያልቃል አለችኝ። በመግቢያዬ ላይ የገለጽኩት ልምምድ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አዴ ጫልቱ «አካም ኦልተን» ብለው በኦሮምኛ እንዴት ዋላችሁ እያሉ ሲገቡ፣ እግራቸው ደጃፉን ሳይረግጥ እኔ ቆሜያለሁ። ወጥተው እንደገና ገቡ። አሁንም ከወገቤ ተነሣሁ። ደጋግመን ሞከርነው። በመጨረሻ ወንበሩን በሁለት እጄ ግጥም አድርጌ ይዤ ተቀመጥኩ።

አዴ ጫልቱ መሐል ቤት ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ይቺን የመሰለች ልጅሽን ባለጌ አደረጓት» አሏት እናቴን።

እናቴ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሣ፣ «ለአንድ ቀን ነው። ነገ ይመለስላታል» አለች።

የፈተናው ዕለት አንድ ጋሪ ላይ ተሳፍረን ሄድን። የቃል ፈተናው ጠዋት ነበር። ስለ ቁጥሩ የተለማመድኩትን ተናገርኩ። አንደኛው ፈታኝ ሁለቴ ጮክ በይ አሉኝ። ስወጣ መውደቄንም ማለፌንም መናገር አልችልም ነበር። ሁሉ ነገር ለከሰዓት በኋላው ውይይት ቀረ።

አያንቱና እኔ አንድ ቡድን ደረሰን። ወንበሮቹ ክብ ተደርገው ነበር። ፈታኞቹ ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። የተሰጠን ርእስ ከተለማመድነው ብዙ አይርቅም፤ አንድ መደብር ዕቃው ለደንበኞቹ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር ምን ማድረግ አለበት የሚል ነው። ወንዶቹ ቀድመው ጀመሩ። «በመጀመሪያ ደረጃ» እያሉ፣ እንደ ስብሰባ ንግግር አድራጊ ክንዳቸውን እያወዛወዙ ረጅም ተናገሩ። ነገሩ ግን መደብሩ ጋ አልደረሰም።

እጄን አወጣሁ። ተፈቀደልኝ። በእኛ ቤት ሲጋራ የሚያጨስ የለም፤ የእናቴ ሳጥን ግን ክብሪት ሞልቶታል ብዬ ጀመርኩ። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ ከፈታኞቹም አንዷ ፈገግ አሉ። ሳቁ ክፉ አልነበረም። ልቤ ሞቀ። ምክንያቱን ልናገር ስል በሩ ተከፈተ።

የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ነበሩ፤ ጸጉራቸው የሸበተ አዛውንት። ለፈታኞቹ የውሃ ማሰሮና ብርጭቆ ይዘው ገቡ።

ብድግ አልኩና «ኖር» አልኩ።

 አንዱ ልጅ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አዛውንቱ ሁለት እጃቸው ተይዟል፤ ደንግጠው መሐል ላይ ቆሙ። እኔም እንደቆምኩ ቀረሁ። 

ከፊት ለፊቴ አንድ ወንበር ተንቋቋ። አትነሺ እያለች ስታስተምረኝ የሰነበተችው አያንቱ ተነሥታ ቆመች። ወደ እኔ አላየችም። ወደ አዛውንቱ ዞራ፣ ጎንበስ ብላ፣ «ኖር፣ አባባ» አለች።

ሳቁ ቆመ። «በእግዜር፣ ልጆቼ፣ በእግዜር። ተቀመጡ» አሉ አዛውንቱ። ማሰሮውን አስቀምጠው ወጡ። ሁለታችንም ተቀመጥን።

የምናገረው ግን ጠፍቶብኝ ነበር። ቃሉን ከጎኔ ያለው ልጅ ወሰደውና ብዙ ቆየበት። ከዚያ የሚመሩን ፈታኝ ሰዓታቸውን አይተው፣ የቀረው ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ነው አሉ። አያንቱ እስከዚያ ድረስ የተናገረችው ጥቂት ነው። እጇን አወጣች፤ ዕድሉ ለእሷ ተሰጣት።

«ቅድም ስለ ክብሪቱ የጀመረችው ልጅ አልጨረሰችም። የእኔን ጊዜ እሷ ትጨርስበት» አለች።

ፈታኙ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብለው ጠየቋት። አዎ አለች። ከዚያ ወደ እኔ ተመለከተች፤ ቤት ስንለማመድ እንደምታየኝ ነበር ያየችኝ። እኔም ሌላውን ሁሉ ትቼ ለእሷ ነገርኳት፤ እናቴ ክብሪት ለምን እንደምታከማች፣ መደብሩ ቀኑን አስቀድሞ ቢናገር ምን እንደሚለወጥ። ወለሉን አላየሁም።

ወደ ማምሻው ላይ ያለፉትን ስም ግቢው ውስጥ አነበቡ። የእኔ ተጠራ። የአያንቱ አልተጠራም። ያን ጊዜዋን ለራሷ ብታውለው ኖሮ ይጠራ ይሆን፣ አላውቅም። የማውቀው ስሜ ሲጠራ እጄን ጨብጣ እንደነበረና ንባቡ አልቆም እንዳልለቀቀችኝ ነው።

 በጋሪው ቤታችን ልንደርስ ስንል ሳቅ አለችና፣ «አዴ ጫልቱን ያን ያህል ያመላለስናቸው በከንቱ ነው» አለችኝ።

ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ወደ ኩየራ በሚሄድ ሰው ሰላምታ ልኬላት ነበር። ይድረሳት አይድረሳት አልሰማሁም። አሁን እኔ ራሴ አርጅቻለሁ። የሆነ ቢሮ ስገባ አንድ ወጣት ከወንበሩ ብድግ ካለልኝ፣ አያንቱን ሳላመሰግናት አላልፍም።

ከፈተናው በማግስቱ ጠዋት አያንቱን መናኸሪያ ሸኘኋት። አዴ ጫልቱም አብረውን ነበሩ። የሻሸመኔው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር፤ እሷም ገብታ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። እናቴ የምሰፋው ልብስ አለ ብላ ከቤት ቀርታ ነበርና፣ በሰው መሐል እየተጋፋች ስትመጣ አየናት። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው ነገር አለ። መስኮቱ ሥር ደርሳ ስትፈታው የታሰረ ክብሪት ነው። ከዚያ ሳጥን ለማንም ስትሰጥ አይቼ አላውቅም።

አያንቱ እናቴን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ጣሪያው ዝቅ ስላለ አንገቷን ጎንበስ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ተቀበለቻት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስም እንደቆመች ሄደች።