የሙሽራው ውሃ

«ተተረተረ» አለች ዘነበች፣ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች።

ሣህሉ የጫማውን ማሰሪያ ትቶ ቀና አለ። ከታመመች ወዲህ ሚስቱ ቃል የምታወጣው እንደ ውድ ሽቶ በጠብታ ስለሆነ፣ አንድ ነገር ስትል ያለውን ሁሉ አቁሞ መስማት ለምዷል። ጤነኛ እጇን ወደ መስኮቱ ዘርግታ የዓሣውን የመስታወት ገንዳ ታሳየዋለች። ሄዶ አጎነበሰ። እውነቷን ነው። ያ እንደ ሙሽራ ካባ ከኋላ የሚጎተት ሰማያዊ ክንፍ ጫፉ ሳስቶና ጠቁሮ፣ እዚህም እዚያም ተቀዷል። ዘነበች ወጣትነቷን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከክር ጋር ያሳለፈች ሴት ናት፤ የሚተረተር ነገር ከሰው ሁሉ ቀድሞ ይታያታል።

ሣህሉ ደነገጠ። የደነገጠው ግን ለዓሣው ብቻ አልነበረም።

ባለፈው ክረምት ግማሽ አካሏ በድንገት አልታዘዝ ካላት በኋላ፣ ሐኪሙ ተነሽ፣ ተራመጂ ቢላት፣ አንዲት ልጃቸው ሶፊ ካገባችበት ከአዳማ መጥታ ብትለምናት፣ የንስሐ አባታቸው ቢመክሯት አልሰማ ብላ፣ ሥራዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙሮ መተኛት ብቻ ሆኖ ነበር። ያስነሳት ይህ የጣት ርዝመት ያለው ፍጥረት ነው። ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ይዛ፣ እግሯን እየጎተተች፣ ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ የምትሄደው እሱን ልታይ ነው። «ሙሽራው» ብላ ስም ያወጣችለትም እሷው ናት። ሙሽራው ከሞተ ዘነበች ተመልሳ ወደ ግድግዳው እንደምትዞር ሣህሉ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ሣህሉ ቬንቲሌተር ጠጋኝ ነው። የተወለደው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከባቡር ሠራተኛ ቤት ሲሆን፣ የሞተር ሽቦ መጠቅለልን የተማረውም ከአባቱ፣ በባቡሩ ጋራዥ ውስጥ ነው። የድሮው ባቡር ፉጨቱ የጠፋ ጊዜ ሰፈሩ ሰዓቱ እንደ ጠፋበት ሰው ግራ ተጋብቶ ሰነበተ፤ ምሳ የሚቀርበው፣ ልጅ ከጨዋታ የሚጠራው በዚያ ፉጨት ነበርና። እኩዮቹ አንዳንዱ ወደ ጅቡቲ፣ አንዳንዱ ወደ አዲስ አበባ ሲበተኑ ሣህሉ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የሰው ቬንቲሌተር መፍታት ጀመረ። ድሬዳዋ ውስጥ ሙቀቱ ሲከር ቬንቲሌተር የሚጠግን ሰው ከሐኪም እኩል ይፈለጋል። አራስ የተኛችበት፣ ሙሽራ የገባበት፣ ለቅሶ የተቀመጡበት ቤት፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም፣ ሣህሉ ድረስልን ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ሰው በማቀዝቀዝ ነው።

ዓሣውንም ያገኘው በዚሁ ሥራው ነው። መጋላ ገበያ ውስጥ ወፍና ዓሣ የሚሸጠው ነጅሙዲን የሱቁን ቬንቲሌተር ካሠራ በኋላ፣ ስለ ዘነበች ሕመም ሰምቶ ኖሮ፣ ለባለቤትዎ ይውሰዱላቸው፣ ቤታ ይባላል፣ ብቻውን መኖር የሚወድ ኩሩ ዓሣ ነው ብሎ በውሃ በተሞላ ፌስታል አስያዘው።

እንግዲህ ሙሽራው ሲታመምበት ሣህሉ የሚያውቀውን አደረገ። የጎዳው ሙቀቱ ነው አለና ዓሣው ከመጣ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ወደ ገንዳው የሚያዞርለትን ትንሿን የጠረጴዛ ቬንቲሌተር ቀንም እንድትነፍስለት አደረገ። የነበረውን ውሃ እስከ ጠብታው ደፍቶ ከቧንቧ በቀጥታ ሞላለት። ዓሣው ጥግ ይዞ ተኛ፤ ምግብም እንቢ አለ።

በማግስቱ የማር ጠርሙስ ውስጥ ከነውሃው አስገብቶት፣ ባጃጅ ላይ ቢወጣ እንዳይናጥበት በእግሩ፣ በሁለት እጁ አቅፎ የደቻቱን ወንዝ በድልድዩ ተሻገረ። የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ ምን ይዘሃል እያሉ ያቆሙታል፤ እሱም በሽተኛ ነው፣ አታስቁሙኝ እያለ ያልፋል።

ነጅሙዲን ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ ሲያይ ቆየና ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያኖሩት ጠየቀው። ሣህሉ በኩራት ዘረዘረለት፤ ቀንም ሌትም ነፋስ እንደማይለየው ሳይቀር።

«አቦ ጋሽ ሣህሉ፣ ምን አደረጉት» አለ ነጅሙዲን፣ ሳቁን መያዝ አቅቶት። «እዚህ ከተማ ሙቀቱን ወድዶ የሚኖር ፍጥረት ይሄ ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ ቤትዎን የደደር ደጋ አደረጉበት።»

ሣህሉ አልሳቀም። «ይድናል?» አለ።

ነጅሙዲንም ሳቁን አቆመ። «ሥጋው ጋ አልደረሰም። ክንፍ እንደ ጥፍር ነው፣ ዋላሂ፤ መበላቱ ከቆመ ተመልሶ ያድጋል። መድኃኒት አለኝ፤ ግን አሁን አልሰጥዎትም። መጀመሪያ ውሃውን እናድነው።»

ከዚያ ወዲያና ወዲህ ለሚጠሩት ደንበኞች በሶማሊኛ እየመለሰ፣ ለሣህሉ በአማርኛ አስረዳው። ይህ ዓሣ የመጣው ከሞቃት አገር ነው፤ ሲበርደው፣ ወይም ውሃው አንዴ ሲሞቅ አንዴ ሲቀዘቅዝበት ይደክማል፤ የደከመን ክንፍ ደግሞ ቆሻሻ ውስጥ ያለ ተሐዋሲ ይበላዋል። ቧንቧው ውስጥ ያለው፣ እኛን ከበሽታ የሚጠብቀን ክሎሪን እሱን ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ ውሃው ክዳን በሌለው ዕቃ ማደር አለበት። ሁሉንም በአንዴ መድፋት ቤቱን እንደማፍረስ ነው፤ ጥቂት እየቀነሱ በዚያው መጠን መተካት ነው፣ ያውም ሙቀቱን ከገንዳው ጋር አስተካክሎ። ምንም ያልተቀላቀለበት የአፋር ጨው ቆንጠር አድርጎ በሌላ ዕቃ አሟሙቶ፣ ዓሣውን እዚያ ለአጭር ጊዜ አቆይቶ መመለስ ነው። የተረፈ ምግብ ታች እንዳይበሰብስ ማንሣት። ያቺን ለጌጥ የገባች የፕላስቲክ አበባ ደግሞ አውጥቶ መጣል፤ ጠርዟ እንደ ምላጭ ነው።

ሣህሉ ሞተር ሲጠቀልል ሽቦ እንደማይዘል ሁሉ የተባለውን አንድም ሳይዘል አደረገ። ቬንቲሌተሩን ወደ ዘነበች አዞረ። ውሃ አሳደረ። ጨው አሟሟ። ሆኖም ጥቁሩ ጫፍ አልቆመም፤ ቀስ እያለ ወደ ሥጋው ተጠጋ። ዘነበች መስኮቱ ጋ ቆማ ታያለች፤ ከዚያ ሣህሉን ታያለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የረሳውን መፍቻ ሊወስድ ወደ ቤት ተመለሰ። ከደጅ እንደደረሰ የሰው ድምፅ ሰማ። እንግዳ መጣ ብሎ በመጋረጃው ጠርዝ አየ። ዘነበች ብቻዋን ናት። መስኮቱን ተደግፋ፣ በጤነኛ እጇ የበረዶ ቁራጭ ይዛ፣ ቀስ አድርጋ ገንዳው ውስጥ ትለቃለች።

«ይኸው» ትለዋለች። «ጠጣ። ይሄ ቃጠሎ እኮ ሰው ይገድላል። እኔ እንኳ ጥላ ውስጥ ነኝ፣ አንተ መስኮት ላይ ነህ። አይዞህ፤ ነገም አመጣልሃለሁ።»

ሣህሉ ከታመመች ወዲህ ከአፏ እንዲህ የተያያዘ ነገር ሰምቶ አያውቅም። መፍቻውን ሳይወስድ፣ ኮቴውን አጥፍቶ ተመለሰ።

በረዶውን የምታመጣላት ጎረቤታቸው ሸፊቃ ናት። በትናንሽ ፌስታል በረዶ እየሠራች ለሰፈሩ ትሸጣለች፤ ለዘነበች ግን የምትጠጣውን ውሃ እንድታቀዘቅዝበት ጠዋት ጠዋት በነፃ ታደርሳለች። ዘነበችም ከድርሻዋ ለሙሽራው ታካፍላለች። ድሬዳዋ ውስጥ ለመጣ ሰው የሚቀርብ የመጀመሪያው ክብር ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ስምህ ማነው ሳይባል ውሃ ይሰጣል። ዘነበች ያደረገችው ከተማው ያስተማራትን ነው። ከእጇም ሁሉ ነገር ወጥቶ፣ ወጡም ልብሱም ቤቱም በሰው ሲሠራላት፣ ለሌላ የምታደርገው ነገር ይህ ብቻ ቀርቷታል።

ሣህሉ ሸፊቃ ደጅ ሄዶ ጉዳዩን አጫወታት፤ ለጥቂት ጊዜ ፍሪጄ ተበላሸ በያት ብሎም ለመናት።

«አንተ ባለህበት ሰፈር?» አለች ሸፊቃ። «ማን ያምነኛል፣ አቦ?» ቀጥላ ግን ፊቷን አጠቆረች። «አልዋሻትም፣ ሣህሉ። ሚስትህ ናት፣ ራስህ ንገራት። ደግሞ ሕፃን አታድርጋት። የታመመው አካሏ እንጂ ልቧ አይደለም።»

ከምሳ በኋላ፣ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ በሚያንቀላፋበት ሰዓት፣ ሣህሉ አልጋው ጫፍ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ዘኑ» አላት፤ «ሙሽራውን ያሳመምኩት እኔ ነኝ።»

ነጅሙዲን ያለውን ሁሉ ነገራት። ከሞቃት አገር መምጣቱን፣ ብርድ እንደሚያደክመው፣ እሱ ግን ሰውን እንደሚያስደስተው ሁሉ ዓሣውንም የሚያስደስተው መስሎት ነፋሱን እንደለቀቀበት። ዕድሜዬን ሙሉ ያወቅሁት ይህንኑ ነው፣ ሌላ ደግነት አላውቅም አላት። ዘነበች ጤነኛ እጇን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መዳፏን አየችው።

«በረዶውስ?» አለች።

ውሸቱ አፉ ድረስ መጥቶ ነበር። ሠላሳ ዓመት በተሻገረ ትዳራቸው ዋሽቷት የሚያውቀው በጥቃቅን ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ ጥቃቅን አልነበረም።

«በረዶውም» አለ።

ዘነበች ቀስ ብላ ተጋደመች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

በነጋታው አልተነሣችም። ሸፊቃ በረዶ ስታመጣላት ራሷን ነቀነቀች፤ ለራሷ እንኳ አልጠጣበትም አለች። ሣህሉ ሥራውን ለብቻው ቀጠለ። ውሃውን ሲቀዳ፣ ጨውን ሲያሟሟ፣ ዓሣውን ያድን ይሆናል፣ የሚያድንለትን ሰው ግን አጥቷል የሚል ነገር ደረቱ ላይ ይቀመጣል። ጥቁሩ ጫፍ ከዚያ በኋላ አልገፋም። «ቆሟል» አለ ለጀርባዋ። ሰንበትበት ብሎ በተበላው ክንፍ ዳር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ቀለም የሌለው አዲስ ጠርዝ ብቅ አለ። እሱንም ነገራት። አልዞረችም።

እንዲህ ባለ አንድ ማለዳ፣ በሲሚንቶው ወለል ላይ ያደረውን ውሃ በጆግ ይዞ ገንዳው ላይ ሊያዘነብል ሲል አልጋው ሲንቋቋ ሰማ።

«ቆይ» አለች ዘነበች።

ሊደግፋት ሲል በዓይኗ መለሰችው። ግድግዳውን ይዛ፣ እግሯን እየጎተተች መጣች። ሙሽራውን፣ ያን የሳሳ አዲስ ጠርዙን፣ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጅጌዋን በጥርሷ ስባ ሰበሰበችና ክርኗን ጆጉ ውስጥ ነከረች። ሣህሉ ይህን ክርን ያውቀዋል። ሶፊ አራስ ልጅ ሳለች፣ የማጠቢያዋን ውሃ ዘነበች በክርኗ ሳትለካ ማንም ሰው ልጅቷን እንዲያስገባ አትፈቅድም ነበር። ያን ጊዜ ባቡሩ ገና ያፏጭ ነበር፤ እሱም ፎጣ ይዞ አጠገቧ ቆሞ ትእዛዝ ይጠብቅ ነበር።

ክርኗን ከጆጉ አውጥታ ገንዳው ውስጥ ነከረች። ሙሽራው ቀርቦ አየው። እንደገና ወደ ጆጉ መለሰችው፤ አልቸኮለችም።

«ይሄ ቀዝቃዛ ነው» አለች። «ፀሐይ ላይ አውጣው። መልሰህ ስታመጣው ደግሞ እኔ ሳልነካው እንዳትጨምር።»

ሣህሉ ጆጉን አቅፎ ወደ ግቢው ወጣ። ፀሐይዋ ገና የሸፊቃን ግድግዳ አላለፈችም ነበር፤ እስክትደርስ ቆሞ ጠበቃት።