የቅልጥም ፈተና

በጃንሆይ ጊዜ፣ ሶዶ በተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ለቡድን የሚመረጠው ኳስ የቻለ ሳይሆን ዱላ የቻለ ነበር። የስፖርት መምህራችን ወታደር ቤት ኖሮ የመጣ ሰው ነው። ቆላ ካለችው ከተበላ ከተማ ልጆች ጋር ለዋንጫ ልንጋጠም፣ በዋዜማው በባዶ እግራችን አሰለፈንና በከስክስ ጫማው የእያንዳንዳችንን ቅልጥም እየረገጠ መጣ። ዝም ያለ ተመረጠ፣ የጮኸ ከሰልፍ ወጣ።

«ተበላዎች አይምሯችሁም! ከአሁኑ ልመዱት!» ይላል።

አጠገቤ የቆመው ልጅ በከተማው አቻ ያልነበረው ግብ አግቢ ነው። ገና በመጀመሪያው እርግጫ «ወይኔ እናቴ!» ብሎ ጮኸ፤ ተጣለ። እኔ ምላሴን ነክሼ ደሜን ዋጥኩና ተመረጥኩ። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር፣ ደደብ!

በማግስቱ አስራ አንዳችንም ቅልጥማችን አብጦ እያነከስን ሜዳ ገባን። ተበላዎች ያን ሁሉ ዳገት ከቆላው በእግራቸው ወጥተው እንኳ እንደ ሚዳቋ ይዘላሉ። ተከላካያችንን ያበጠው ላይ ደግመው ረገጡት፤ ቆዳው ተገሽልጦ አጥንቱ ታየ። ተሸክመን አወጣነው። ጎል በጎል ላይ ይገባብን ጀመር።

መምህሩ አረፋ እየደፈቀ ወደ ሜዳው ዳር ዞረ። እግራቸው ደህና የሆነው፣ እሱ ራሱ የጣላቸው ልጆች ብቻ ናቸው። ግብ አግቢውን አየና «ምን ትጎለታለህ! ተነስ፣ ግባ!» ብሎ አንባረቀበት።

ልጁ ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ ሸንኮራውን እየመጠጠ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ እጮሃለሁ» አለው።