የሰባት ቁጥር ብርጭቆ

ወይን ጠጅ ተቀምሶ በሚጻፍበት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ብርጭቆ ስታጥብና ስትቀዳ የኖረችውን ሴት ሁሉም «እትዬ ጥራት» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር፤ እሷ ግን ወደደችው። ብርጭቆውን በፍል ውሃ ብቻ ታጥባለች፣ በነጭ ጨርቅ ታደርቃለች፣ ከዚያ መስኮቱ ጋ ወስዳ በብርሃን ታየዋለች። የጣት አሻራ ካየችበት እንደገና ሀ ብላ ትጀምራለች። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ፣ «ባል ቢኖርሽ እሱንም መስኮት ጋ ወስደሽ ታዪው ነበር» ትላታለች።

እሷ ከመጋረጃ ጀርባ ትቀዳለች። ሦስቱ ቀማሾች ቁጥር ብቻ የተለጠፈበትን ብርጭቆ ያሸታሉ፣ ይጉመጠመጣሉ፣ ይተፋሉ፣ ይጽፋሉ። የጻፉት መጽሔት ላይ ይወጣል፤ አገር ያምነዋል።

ማክሰኞ ዕለት ስልክ ጮኸና ቀልቧን ሰረቃት፤ ሦስት ቁጥር ላይ የቀዳችውን ወይን ሰባት ቁጥር ላይም ደገመችው። አንድ ጠርሙስ ሳይከፈት ተርፎ ስታገኘው ነው የነቃችው። ደንግጣ የቀማሾቹን ወረቀት አየች። ለዚያው ወይን አንዱ ሎሚ ብሏል፣ ሌላዋ ትምባሆ። ዋናው ቀማሽ ደግሞ ሦስት ቁጥርን «ማር ማር የሚል፣ ሐር የመሰለ» ሲለው፣ ያንኑ ወይን ሰባት ቁጥር ላይ «የረጠበ ካርቶን፤ ለሰው አይቀርብም» ብሎታል። ሳቋን ውጣ ሄደችና እውነቱን ነገረችው።

የሰው ምላስ ይሳሳታል፤ ይሄ ነውር አይደለም። ነውሩ ጥፋቱን ብርጭቆ ላይ ማላከክ ነው። በማግስቱ ዋናው ቀማሽ ቢሮው አስጠራት፤ ሰባት ቁጥር ብርጭቆ በደንብ አልታጠበም የሚል ደብዳቤ ተጽፎ ጠበቃት።

«እትዬ፣ ነገር አታካብጂ። ሳሙና ቀርቶበት ነበር በዪና ፈርሚ።»

«እኔ በሳሙና አላጥብም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አቧራ በዪው! ካልፈረምሽ ግን እዚህ ቤት ሥራ የለሽም።»

ከዚህ ሥራ በቀር የምታውቀው የለም። ግን ንዴቷ ከፍርሃቷ በለጠ።

«በመድገሜ አጥፍቻለሁ፤ እሱን አሁኑኑ እፈርማለሁ። ብርጭቆዬን ግን አይንኩብኝ! ባለወይኑ የላከው የዚያው ወይን ሁለተኛ ጠርሙስ እዚያ መደርደሪያዎ ላይ አለ። እዚሁ ፊትዎ አጥቤ ሁለት ቦታ ልቅዳልዎት፤ ይቅመሱና ይጻፉ።»

ዋናው ቀማሽ ጠርሙሱን አየ፣ በሩን አየ፣ አፍንጫውን ነካ ነካ አደረገ።

«ዛሬ ጉንፋን ይዞኛል» አለ።

እስክሪብቶውን ከፊቱ አነሳች። የደብዳቤውን ቃል ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችና ከሥሩ በትልልቁ ጻፈች፦ «ብርጭቆው ንጹሕ ነበር። ወይኑም አንድ ነበር።» ፈረመችበት።

ከዚያ ጓዳ ገብታ ነጭ ጨርቋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሰባት ቁጥርን አንስታ ለመጨረሻ ጊዜ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ተመልሳ ዋናው ቀማሽ ፊት፣ ደብዳቤው ላይ አስቀመጠችለትና ወጣች።